ድረ ገጹ መልኩን የሚለውጥልን ምን አይቶ ነው?

«ራሱን የሚያላምድ ድረ ገጽ» ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት ቀድሞ የገዛነውን አስታውሶ ተመሳሳይ ዕቃ የሚያቀርብልንን ነው። እዚህ የምናወራው ግን ሌላ ነው፤ የሚለወጠው ዕቃው ሳይሆን አቀራረቡ ነው። አንዱ ጎብኚ ሠንጠረዥና ዝርዝር አሃዝ ይፈልጋል፤ ለሌላው ሥዕልና አጭር ምክር ይበቃዋል።

የግብይት (ማርኬቲንግ) ተመራማሪዎቹ ጆን ሃውዘርና ግሌን ኧርባን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ኮምፒውተሩ መጠይቅ ሳያስሞላ የጎብኚውን የአስተሳሰብ ስልት ከሚጫናቸው ማገናኛዎች በፕሮባቢሊቲ ስሌት ይገምታል። አእምሮ ያነባል ማለት ግን ማጋነን ነው፤ የሚያየው ጣት የተጫነውን ብቻ ነው።

ከባዱ ሥራ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ለየትኛው ዓይነት ሰው የትኛው ገጽታ እንደሚሻል አስቀድሞ አይታወቅም። ስለዚህ ሥርዓቱ አንዳንድ ጊዜ እስካሁን የተሻለ ሆኖ ያገኘውን ገጽታ ትቶ፣ ሽያጭ ሊያመልጠው እንደሚችል እያወቀ፣ ለመማር ሲል ሌላውን ይሞክራል።