የ10 ቀን ክትትል ምንድን ነው?

«ውሻ ልጃችሁን ቢነክሰው 10 ቀን ጠብቁ። ውሻው ካልሞተ ጤነኛ ነው፣ ክትባትም አያስፈልግም። አሜሪካ የሚደረገው እንዲህ ነው።» ሰሞኑን አንድ ሰው ይህን ጽፎ ብዙዎች ሲያመሰግኑት አየሁ። ምክሩን ስሰማው የመጀመሪያዬ አይደለም። አሜሪካ በእንስሳት መጠለያ ውስጥ የእንስሳት ሕክምና ቴክኒሻን ነኝ፤ ሰው የነከሱ ውሾችን 10 ቀን ለይተን የምንከታተለው እኛ ነን። ይህ ምክር ሰው ይገድላል።

10 ቀኑ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ውሻው በነከሰበት ቀን ምራቁ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ነበረ ወይስ አልነበረም?

ቫይረሱን ከጎንደር ተነስቶ በእግሩ አዲስ አበባ እንደሚመጣ መንገደኛ አስቡት። ጎንደር፣ ውሻው ራሱ ቀድሞ የተነከሰበት እግሩ ነው። መንገዱ ነርቭ ነው፣ አዲስ አበባ ደግሞ አንጎል። ጉዞው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። መንገደኛው ደብረ ማርቆስ ላይ ሳለ ውሻው ይበላል፣ ይጫወታል፤ ቢነክስም በሽታውን አያስተላልፍም። የሚያስተላልፈው መንገደኛው አዲስ አበባ ገብቶ ቦሌ ሲደርስ፣ ማለትም ምራቅ ውስጥ ሲገባ ነው። ቦሌ ከደረሰ ደግሞ ውሻው አይሰነብትም። በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታመማል፣ ይሞታል። ስለዚህ ውሻው በ10ኛው ቀን ደህና ከሆነ፣ በነከሰበት ቀን መንገደኛው ቦሌ አልነበረም። አሁን ግን አባይን እየተሻገረ ሊሆን ይችላል! ለዚህ ነው ክትትሉን የጨረሰ ውሻ «ከበሽታው ነጻ» የማይባለው፤ ያልተከተበ ከሆነ ሲወጣ ይከተባል።

በተነከሰው ልጅ ሰውነት ውስጥም ጉዞው ያው ነው። ክትባቱ መንገዱ ላይ የሚሠራ ኬላ ነው። መንገደኛው ከተማ ከገባ በኋላ ኬላ ምን ያደርጋል? የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ፊቱን የተነከሰ ልጅ ከሆነ ደግሞ መንገደኛው የተነሳው ከሱሉልታ ነው።

«አሜሪካ እኮ ይጠበቃል» ለሚለው፦ አዎ፣ ውሻው ጤነኛ ከሆነና በክትትል ሥር ከዋለ ሐኪሙ ሊጠብቅ ይችላል። እዚህ ከውሻ ወደ ውሻ የሚዛመተው ዓይነት መጥፋቱ በ2007 እ.ኤ.አ. ታውጇል። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን በሽታውን ወደ ሰው የሚያመጣው በዋናነት ውሻ ነው። አገር ቤት ላለ ዘመድ ከዚህ ደውሎ «ጠብቁ» ማለት የሌላ አገር ሁኔታን መላክ ነው። ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ይታጠብ። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ተሂዶ ክትባቱ ይጀመር። የውሻው ክትትል ጎን ለጎን ይሄዳል፤ 10ኛው ቀን ላይ ደህና ከሆነ ሐኪሙ የቀረውን ክትባት ሊያቆም ይችላል።

ደንቡ ለውሻና ለድመት ነው። ለጅብ፣ ለቀበሮ፣ ለሌሊት ወፍ አይሠራም። ባለቤቱ የማይታወቅና ያመለጠ ውሻም የሚከታተለው ስለሌለ ክትባቱ እስከ መጨረሻው ይወሰዳል።

ክትትል ማለት አስሮ መርሳትም አይደለም። ውሃ ስሰጠው ጉሮሮውን አያለሁ፤ እየዋጠ ነው ወይስ ውሃው ከአፉ ተመልሶ እየፈሰሰ ነው? ጩኸቱ ተለውጧል? የኋላ እግሩ ይጎተታል? ሁሉም የታመመ ውሻ አይቆጣም። አንዳንዱ ጥግ ይዞ ይተኛል፣ የታችኛው መንጋጋው ይወድቃል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል። ባለቤቱ አጥንት የተሰነቀረበት መስሎት እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። እባካችሁ፣ ይህን አታድርጉ።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ የነከሰውን ውሻ እዚያው ጭንቅላቱን ቀጥቅጦ መግደል ነው። ምርመራው የሚደረገው ከአንጎሉ ነው። አንጎሉ ከተበላሸ ለቤተሰቡ መልስ የሚሰጥ ነገር አይቀርም። ውሻው በክትትሉ መሃል ከሞተ በባዶ እጅ አትንኩት፤ ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ። ጭንቅላቱ በቅዝቃዜ ተይዞ፣ ግን ራሱ ወደ በረዶነት ሳይለወጥ፣ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። አዲስ አበባ ላይ ይህን ምርመራ የሚሠራው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ውጤቱ እስኪመጣ የልጁ ክትባት አይቋረጥም።