የደራሲ ሕይወት ፊልም፦ ውዳሴውና ማስታወቂያው ከከተማ ዳር ሲታይ

የደራሲን ሕይወት የሚተርክ ፊልም ለገበያ አስቸጋሪ ነው። ሰውዬው ተቀምጦ ይጽፋል፣ ያጨሳል፣ ወረቀት ጨምድዶ ይጥላል። ድብድብ የለ፣ ግልቢያ የለ። ስለዚህ ተመልካች የሚያመጣለት የሃያሲ ምስጋናና ሽልማት ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቃሊቲ፣ በኮተቤ፣ በአስኮና በአየር ጤና ግን ፊልም ሲሸጥ የኖረው በሌላ መንገድ ነው።

ዘውጉ አዲስ አይደለም። የፈረንሳዊው ደራሲ የኤሚል ዞላ ሕይወት የተሠራበት የሆሊውድ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1937 ወጥቶ የምርጥ ፊልም ኦስካርን ወስዷል። በ1990 ደግሞ ጄን ካምፒየን የኒውዚላንዷን ደራሲ የጃኔት ፍሬምን ሕይወት ሠርታ በቬኒስ ተሸልማለች።

ውዳሴ አንድን ፊልም ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለማየት ግን ከ«ካፖቲ» የተሻለ ምሳሌ የለም። ዳይሬክተሩ ቤኔት ሚለር፣ የፊልም ጽሑፉ የዳን ፉተርማን ነው። መነሻው ጄራልድ ክላርክ የጻፈው የሕይወት ታሪክ ነው። ፊልሙ የደራሲውን ሙሉ ሕይወት አይተርክም። አሜሪካዊው ደራሲ ትሩማን ካፖቲ በ1959 ካንሳስ ውስጥ ስለተገደሉ አራት የአንድ ቤተሰብ አባላት መጽሐፍ ሲያዘጋጅ የነበሩትን ዓመታት ብቻ ይዟል። ወጪው 7 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነበር። ለሆሊውድ ይህ የሻይ መጠጫ ነው።

ማስታወቂያው ብልጠት ነበረበት። በመስከረም 2005 መጀመሪያ በፌስቲቫል ታየ። ከዚያ በደራሲው የልደት ቀን፣ መስከረም 30 (እ.ኤ.አ.)፣ በጥቂት ሲኒማ ቤቶች ብቻ ተከፈተ። ሃያስያኑ አወሩለት፣ ወሬው ሲሞቅ ሲኒማ ቤቶቹም በዙ። ታዋቂው ሃያሲ ሮጀር ኢበርት አራት ኮከብ ሰጠው። የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም ሃያስያን ማኅበር የዓመቱ ምርጥ ፊልም አለው። ካፖቲን ሆኖ የተወነው ፊሊፕ ሲይሞር ሆፍማን ቁመናውም ድምፁም ከካፖቲ ጋር አይገናኝም። ካፖቲ አጭር፣ ድምፁም ቀጭን ነበር። ያም ሆኖ በመጋቢት 2006 የምርጥ ተዋናይ ኦስካርን ወሰደ። ፊልሙ በጠቅላላው በአምስት ዘርፍ ታጭቶ ነበር፤ ገቢውም ወደ 50 ሚሊዮን ዶላር ተጠጋ። ለእውነቱ ምን ያህል ታምኗል የሚለው ያከራክራል። በዚያው ታሪክ ላይ የተሠራ ሌላ ፊልም በ2006 ወጥቶ ያን ያህል ሳይወራለት አልፏል። ክፉ ፊልም ስለሆነ አይመስለኝም። ተቀድሞ ነው።

ወደ ሰፈራችን ስንመጣ ጨዋታው ሌላ ነው። የከተማ ዳር ሰው ለብዙ ዓመታት ፊልም ያየው በቪዲዮ ቤት ነው። ጭቃ ቤት፣ አግዳሚ ወንበር፣ ቴሌቪዥንና ዴክ፣ በር ላይ የተንጠለጠለ መጋረጃ። ማስታወቂያው ደጅ የቆመች ጥቁር ሰሌዳ ነበረች። በጠመኔ የፊልሙ ስምና ሰዓቱ ይጻፍባት ነበር፤ ከሥሩ «አክሽን» ወይም «የማይታለፍ» ይል ነበር። የፊልሙ ድምፅ በሞንታርቦ እስከ መንገድ ይለቀቅ ነበር። የተኩስ ድምፅ የሰማ ልጅ ሳንቲሙን ይዞ ይሮጥ ነበር። እዚህ ሃያሲው ተመልካቹ ራሱ፣ ሕጉም «አክተር አይሞትም» ነበር። የደራሲ ፊልም በዚህ ሕግ ወዲያው ይወድቃል፤ ደራሲ ይሞታላ።

የአማርኛ ፊልም ሲበረክት ማስታወቂያው ወደ ቆርቆሮ አጥርና ወደ ሚኒባስ የኋላ መስታወት ዞረ። ምረቃው ግን መሃል ከተማ ነው። ተመልካቹ ሲወጣ ማይክ ይደቀንበታል፤ «በጣም ደስ ይላል፣ ሁሉም ሰው መጥቶ ቢያየው» ይላል። ይህን ሒስ ማለት ይከብዳል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የጉማ የፊልም ሽልማት መኖሩ ቢያንስ በዓመት አንዴ ስለ ሥራው ራሱ እንዲወራ አድርጓል። ሰሌዳዋን አሁን ቴሌግራምና ቲክቶክ ተክተዋታል።

ቃሊቲ ከዚህ ጉዳይ ጋር የራሷ ዝምድና አላት። በዓሉ ግርማ ልቦለዱን «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እሱም ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ቮልስዋገኑ ቃሊቲ አካባቢ፣ በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች። የደርግ ደህንነቶች እንደወሰዱት በሰፊው ይታመናል። የትና እንዴት እንደሞተ ግን ትረካዎቹ አይስማሙም። ካፖቲም የሞተው በዚያው ዓመት፣ በነሐሴ 1984 (እ.ኤ.አ.) ነው። እሱ ግን የት እንደሞተ ይታወቃል።

የሚገርመው በዓሉ ራሱ የደራሲን ሕይወት መተረክ ቀድሞ ሞክሮታል። በ1972 ዓ.ም. ያሳተመው «ደራሲው» በደራሲው ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ላይ የተመሠረተ መሆኑ በሰፊው ይነገራል። የእሱን የራሱን ሕይወት ደግሞ እንዳለጌታ ከበደ በሰፊ መጽሐፍ አዘጋጅቶታል። «ኦሮማይ» በ2025 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝኛ ታትሞ በውጭም ተመስግኗል። ለፊልም ከዚህ የበለጠ ስንቅ አይገኝም። እዚህ ታሪክ ላይ «የማይታለፍ» ብሎ በጠመኔ ለመጻፍ ውሸት አያስፈልግም። ፖስተር መለጠፊያም ቃሊቲ ሞልቷል፤ ከታክሲ ተራው እስከ ቀለበት መንገዱ አጥሩ ሁሉ ቆርቆሮ ነው።