«ጠላን ከተጠጣ በኋላ አሞግስ»

«ቀንን ሲመሽ ነው የሚያሞግሱት።» አይስላንዳውያን ይህን የሚሉት ነገሩ ሳያልቅ ለሚፎክር ሰው ነው። ውል ሳይፈራረም በግ ለሚያርድ፣ ልጁ ገና ሁለተኛ ዓመት ላይ እያለ «ዶክተር» ብሎ ለሚጠራ። ጀርመኖችም ይሄንኑ ይላሉ። ስዊድኖች ደግሞ ወንዙን ሳትሻገር የደስታ ጩኸት አትጩህ ይላሉ። ለእኛም እንግዳ አይደለም። የሚታጠቅ እንደሚፈታ አይመካ የሚለውን የመጽሐፈ ነገሥት ቃል ብዙዎቻችን እናውቀዋለን።

ስለዚህ ትርጉሙ አያስቸግርም። እኔን የያዘኝ ሙሉ ቃሉ ነው። ዛሬ በሰው አፍ ላይ የቀረው ስለ ቀን የሚናገረው ጫፉ ብቻ ነው። ጥንታዊው ግጥም ግን ስድስት ነገር ይቆጥራል፦

ቀንን ሲመሽ አሞግስ፣ ሚስትን ከተቃጠለች በኋላ፣
ሰይፍን ከተፈተነ፣ ልጃገረድን ከተዳረች በኋላ፣
በረዶን ከተሻገሩት፣ ጠላን ከተጠጣ በኋላ።

ሚስትን ከተቃጠለች በኋላ የሚለው ማንንም ያስደነግጣል። በቁሟ አይደለም። ሞታ አስከሬኗ ከተቃጠለ በኋላ ማለቱ ነው። አይስላንድ ክርስትናን የተቀበለችው በ1000 ገደማ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ)። የዚያ ዘመን ክርስትና ደግሞ ሙታን እንዲቀበሩ እንጂ እንዲቃጠሉ አይፈቅድም ነበር። ብዙ ሊቃውንት አባባሉ ከክርስትና በፊት የነበረ ነው የሚሉት በዚህች አንዲት ቃል ተነስተው ነው። እስክትሞት ድረስ ሚስቱን የማያመሰግን ባል ግን ዛሬ እራቱን በሰላም የሚበላ አይመስለኝም።

ሰይፉ እና ልጃገረዷ ብዙ አያነጋግሩም። በረዶውም እንደዚያው ነው። ሰሜን አገር ክረምት ላይ ሐይቅ ይረጋል፣ ሰው በላዩ ይሻገራል። በረዶው ሰው ይሸከም አይሸከም የሚታወቀው ወዲያ ማዶ ሲደርሱ ነው። የመጨረሻው ጠላ ነው። በቋንቋቸው «ኦል» ይባላል፣ ከብቅል የሚጠመቅ ነው፣ ጌሾ የለውም። እኔ ጠላ ብዬዋለሁ፤ ቢራ ብለው ፋብሪካው ይመጣባችኋል።

ጠላ ለምን እዚህ ገባ? ጠምቆ የሚያውቅ ሰው ይህን አይጠይቅም። ብቅሉ ጥሩ ሆኖ፣ ጋኑ ታጥኖ፣ ሁሉ ነገር እንደ አምናው ተደርጎ ጠላው ሊኮመጥጥ ይችላል። እርሾ ምን እንደሆነ ሳይንስ የደረሰበት በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ጋን ውስጥ የሚፈላው ነገር ሌላ ኃይል ነበር። ኖርዌይ ገጠር ውስጥ እርሾ ሲጨመር ጋኑ ላይ ጮክ ብሎ መጮህ ልማድ ነበር። መንፈሱ እንዲሸሽ፣ ጠላውም ኃይለኛ እንዲሆን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ባለበት ቤት ጋን ሳይከፈት ጠላውን ማሞገስ ድፍረት ነው።

አባባሉ የተገኘው «ሃቫማል» ከሚባል ግጥም ነው። ወደ 164 አንጓ አለው። ከ1270ዎቹ በሆነ ትንሽ የብራና መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ ቆይቷል። ብራናውን አንድ የአይስላንድ ጳጳስ በ1643 አገኘው፣ በ1662 ለዴንማርክ ንጉሥ ተላከ፣ በ1971 በመርከብ ወደ አገሩ ተመለሰ። ያን ቀን የሬይካቪክ ሕዝብ ወደብ ላይ ወጥቶ ተቀብሎታል። የተዘረፉ ብራናዎቹን መመለስ ለሚጠብቅ አገር ሰው ይህ ታሪክ ትንሽ ያስቀናል።

ሃቫማል ማለት «የልዑሉ ቃል» ማለት ነው። ልዑሉ ደግሞ ኦዲን ነው፣ አንድ ዓይኑን ለጥበብ የሰጠው የአማልክት አለቃ። እንግዲህ ስለ ጠላ የሚመክረን እሱ ነው። መካሪው ግን ራሱ መጠጥ ወዳጅ ነው። በሌላ ግጥም ላይ ማዕዱን ለሁለት ተኩላዎቹ ይሰጥና በወይን ብቻ ይኖራል ይባላል። እዚያው ሃቫማል ላይ ጠላ ሰዎች የሚሉትን ያህል ጥሩ አይደለም፣ ሰው ብዙ በጠጣ ቁጥር ልቡን አያውቅም ይላል። የመርሳት ሽመላ በጠጪዎች ራስ ላይ እያንዣበበ አእምሯቸውን ይሰርቃል ይላል። ከዚያ ወዲያው እኔም በጉንሎድ ቤት በዚያች ወፍ ላባ ታስሬ ነበር ብሎ ያምናል። ጉንሎድ የጠጣውን ሁሉ ገጣሚ የሚያደርገውን የግጥም ጠጅ ስትጠብቅ የነበረች ናት። ጠጁ ከማርና ክቫሲር ከሚባል ጠቢብ ደም የተጠመቀ ነው። ክቫሲር ራሱ የተፈጠረው ከአማልክት ምራቅ ነው። ምራቁን ልብ በሉልኝ።

የአባባሉን መጨረሻ በደንብ የተረዳሁት ሌላ ታሪክ ሳነብ ነው። በመካከለኛው ዘመን አይስላንድ ውስጥ የተጻፈ ተረት ነው። አልሬክ የሚባል ንጉሥ በምዕራብ ኖርዌይ ይኖር ነበር። መኖሪያው ዛሬ በርገን ከተማ ውስጥ ያለ ሰፈር ነው። የመጀመሪያ ሚስቱ ሲግኒ የቮስ ንጉሥ ልጅ ናት። በኋላ ጌይርሂልድ የምትባል ልጅ መጣች። ጌይርሂልድን ቀደም ብሎ አንድ ኮፍያ ያጠለቀ እንግዳ አግኝቷት ነበር። ከንጉሡ ጋር አጋባሻለሁ፣ አንቺ ግን በነገር ሁሉ ስሜን ጥሪ አላት። ስሙን «ሆት» አላት፣ ባለቆቡ እንደማለት ነው። ተስማማች። እንግዳው ኦዲን ነበር።

ሁለቱ ጣውንቶች መቼም አልተስማሙም። አልሬክ ሰለቸው። ወደ ዘመቻ ሲሄድ ነገሩን በጋን ቆረጠው፦ ስመለስ የተሻለ ጠላ ጠምቃ የቆየችኝን አስቀራለሁ። ትዳር በጥንስስ ሲዳኝ አስቡት።

ሲግኒ ፍሬያ የምትባለውን አምላክ ለመነች። ጌይርሂልድ ሆትን ጠራች። ሆት መጣ፣ በእርሾ ፈንታ ምራቁን ጋኑ ውስጥ ተፋ። ዋጋውንም ነገራት። በአንቺና በጋኑ መካከል ያለውን ነገር መጥቼ እወስዳለሁ አላት።

በእሷና በጋኑ መካከል ምን አለ? ጋኑ ላይ ጎንበስ ብላ ስትሠራ ለነበረች ሴት ምንም ነገር አይታያትም። መካከላቸው የነበረው ሆዷ ነው። ሆዷ ውስጥ ልጅ ነበር። የዮፍታሔን ስለት የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ጋ ልቡ ስንጥቅ ይላል። እሱም ከቤቴ በር የሚወጣውን ብሎ ተስሎ ልጁ ናት የወጣችው።

ጠላው ግሩም ሆነ። ንጉሡ ተመልሶ አየው፣ ጌይርሂልድ አሸነፈች። ያኔ አልሬክ በግጥም ተናገረ። እንከን ካልተከተለው ይህ ጠላ ጥሩ ይመስለኛል አለ። ቀጥሎ፣ ልጅሽ ለኦዲን ተሸጦ ከፍ ባለ ግንድ ላይ ተሰቅሎ አያለሁ አላት። ልጁ ቪካር ተባለ።

«እንከን ካልተከተለው» የምትለዋን ቃል ብዙ ጊዜ መላልሼ አንብቤያታለሁ። ሰውየው ጠላውን እያየ፣ ጥሩ እንደሆነ እያወቀ፣ ሙሉ ምስጋና አልሰጠም። የአባባሉ «ከተጠጣ በኋላ» የሚለው ለእኔ እዚህ ላይ ይከፈታል። ጠላው ኮመጠጠ አልኮመጠጠ ብቻ አይደለም ጥያቄው። ሂሳቡም የሚመጣው ከተጠጣ በኋላ ነው።

የጌይርሂልድ ሂሳብ በሌላ ተረት ውስጥ ይመጣል። ቪካር አድጎ ንጉሥ ሆኗል። መርከቦቹ ንፋስ አጥተው ቆመዋል። ለኦዲን ሰው ይሰዋ ተብሎ ዕጣ ሲጣል ዕጣው በንጉሡ ላይ ወጣ። መኳንንቱ በማስመሰል እንጨርሰው ብለው መከሩ። የጥጃ አንጀት በአንገቱ አስገቡለት፣ ጫፉን ከቀጭን ቅርንጫፍ ጋር አሰሩት። ስታርካድ የሚባለው ወዳጁ በእጁ ሸምበቆ ይዞ «ለኦዲን ሰጠሁህ» አለና ነካ አደረገው። ሸምበቆው ጦር ሆነ፣ አንጀቱ ጠንካራ ገመድ ሆነ፣ ቅርንጫፉ ወደ ላይ ተስፈንጥሮ ንጉሡን ሰቀለው።

እነዚህ ተረት ናቸው። መጠጥና አምልኮ አንድ ላይ መኖራቸው ግን ተረት አይደለም። በ13ኛው መቶ ዘመን የጻፈው አይስላንዳዊው ስኖሪ ስቱርሉሶን በዛሬው ትሮንዳይም አጠገብ ላዴ ላይ ስለሚደረገው በዓል ይተርካል። ገበሬው ሁሉ ጠላ ይዞ ይመጣል። የመጀመሪያው ዋንጫ የኦዲን ነው፣ ለንጉሡ ድልና ሥልጣን። ቀጥሎ ንዮርድና ፍሬይ የሚባሉት አማልክት፣ ለመልካም አዝመራና ለሰላም። ከዚያ ለሞቱ ዘመዶች ይጠጣል። በ10ኛው መቶ ዘመን የነገሠው ሃኮን ክርስቲያን ነበርና ቀንዱ ሲደርሰው አማተበ። ሰዎቹ ምን እያደረገ ነው ብለው ተቆጡ። መስፍኑ ሲጉርድ ቶሎ ብሎ የነጎድጓድ አምላክ የቶርን መዶሻ ምልክት ነው ያደረገው አላቸው፤ ዝም አሉ። እንዲህ ያለ ፈጣን ጓደኛ ይስጣችሁ።

ኖርዌይ ክርስቲያን ከሆነች በኋላ ጋኑ አልተሰበረም። የጉላቲንግ ሕግ የሚባለው የምዕራብ ኖርዌይ ጥንታዊ ሕግ ገበሬዎች አብረው ጠላ ጠምቀው፣ ለክርስቶስና ለማርያም ምስጋና ባርከው፣ ለመልካም ዓመትና ለሰላም እንዲጠጡ ያዝዛል። ጽዋ ማኅበር ያለው ሰው ነገሩን አይቶ ፈገግ ይላል። ልዩነቱ ቅጣቱ ነው። ያልጠመቀ ለጳጳሱ ይከፍላል፤ ሦስት ዓመት በተከታታይ ካልጠመቀ ንብረቱን ያጣል። ጠላ ባለመጥመቅ ቤት የሚወረስበት ሕግ ሌላ ቦታ አልገጠመኝም።

ዛሬ ኦዲንን የሚያከብሩ ሰዎች አሉ። አይስላንድ ውስጥ ማኅበራቸው በ1972 ተመሥርቶ በ1973 የመንግሥት እውቅና አግኝቷል። ሌላም አገር ብቻውን ቤቱ ውስጥ ከማር ጠጅ ጠምቆ የመጀመሪያውን ቀንድ በኦዲን ስም መሬት ላይ የሚያፈስ ሰው አለ። ማመኑን ለእሱ እተወዋለሁ። ግን ጠምቆ፣ ጠብቆ፣ ሳይቀምስ ማፍሰስ ከባድ ነገር መሆኑን ጠጅ ቤት ያደገ ሁሉ ይመሰክራል።

ስለ ሲግኒ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ውድድር ተሸንፋ ከቤቷ ወጣች። ተረቱም ብዙ አላስታወሳትም። የአባቷ አገር ቮስ ግን መጥመቁን አልተወም። ገበሬዎቹ እርሾአቸውን በእንጨት ቀለበት ላይ አድርቀው ግድግዳ ላይ እየሰቀሉ፣ የአንዱ ሲሞት ከጎረቤት እየተዋሱ፣ ከአባት ወደ ልጅ አስተላልፈውታል። «ክቬይክ» ይሉታል። ሌላው የጠላ እርሾ 20 ዲግሪ አካባቢ ሲመቸው ይህኛው 40 ድረስ ይሠራል። አሁን በቮስ ስም ታሽጎ ይሸጣል፣ ባሕር ማዶ ያለ ጠማቂም ያዝዘዋል። በኦዲን ምራቅ የሚጠምቅ ግን የለም።