ጣሳ፣ ቆርኪና አበቅቴ፦ የዕለት ተዕለት ሂሳብ ማስተማሪያዎች በደሴና ኮምቦልቻ

የዕለት ተዕለት ሂሳብ የሚባለው ተማሪው ከግቢ ሲወጣ የሚጠብቀው ሂሳብ ነው። መልስ መቀበል፣ ዕቃ ማስመዘን፣ ዕቁብ መጣል፣ መንገድ መገመት፣ ቀን መቁጠር። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ይህን ለማስተማር የሚረዳ ነገር ሞልቷል። ችግሩ አብዛኛው ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ መሆኑ ነው።

አጥሩ ውስጥ ካለው እንጀምር። ትምህርት ቤቶች የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል የሚሉት ክፍል አላቸው። የካርቶን ሰዓት፣ የእንጨት ኮምፓስና ፕሮትራክተር፣ የማባዣ ሠንጠረዥ፣ ከጣውላ የተሠሩ ቅርጾች እዚያ ይቀመጣሉ። በ2014ቱ ጦርነት ሁለቱም ከተሞች ተጎድተዋል። ብዙ ትምህርት ቤት ተዘርፏል። ወሎ ዩኒቨርሲቲም አልቀረለትም። ከዚያ ወዲህ ከአካባቢ በሚገኝ ነገር ማስተማር ምርጫ ብቻ ሳይሆን ግዴታም ሆኗል።

ለታችኛው ክፍል ይህ ብዙም አይከብድም። ኮምቦልቻ ቢራ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ናት፤ ቆርኪ አይጠፋም። (የመጠጥ ነገር ለልጅ ይሰጣል ወይ የሚል ወላጅ ካለ የለስላሳ ቆርኪም ያው ነው።) ጭራሮ አሥር አሥሩን ማሰር የአንድ ቤትንና የአሥር ቤትን ልዩነት በእጅ ያስጨብጣል። ባዶ የለስላሳ ሳጥን 4 በ6 ሆኖ 24 ጠርሙስ ይይዛል። የእንቁላል ካርቶን ደግሞ 5 በ6 ነው፤ 30። ማባዛትን በቃል ከመሸምደዱ በፊት እንዲህ በዓይኑ ያየ ልጅ፣ 4 ጊዜ 6 እና 6 ጊዜ 4 ለምን እኩል እንደሆኑ የሚያስረዳው ሰው አያስፈልገውም። ሳጥኑን ማዞር ብቻ ነው።

ለርዝመት ስንዝርና ክንድ አሉ። መምህሩም ተማሪውም ያንኑ ጠረጴዛ በስንዝር ይለኩ። ሁለት የተለያየ ቁጥር ይመጣል። ሜትር ለምን እንዳስፈለገ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላውቅም። ከከተማ ወጣ ሲባል ደግሞ ጥማድ ይመጣል። ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው። በልማድ አራቱ አንድ ሄክታር ይሆናል።

ሀብታሙ መማሪያ ግን ገበያው ነው። ደሴ ሰኞ ገበያ ወይም የትኛውም ጉልት ላይ ሽንኩርትና ድንች በኪሎም በመደብም ይሸጣል። የትኛው ይረክሳል? መደቡን ሚዛን ላይ አስቀምጦ ዋጋውን ለክብደቱ ማካፈል ነው። የመማሪያ መጽሐፉ ንጥጥርና ወደር የሚለው ይኸው ነው። ባለጉልቷ «መርቂልኝ» ስትባል የምትጨምረው አንድ ራስ ሽንኩርት ደግሞ ቅናሽ ነው። ስንት በመቶ? ጥሩ የቤት ሥራ ይወጣዋል።

ጣሳ ከዚህም ይበልጣል። እህል በጣሳ የገዛ ሁሉ ልኩ የተቆረጠና ጢም ብሎ የተከመረ ጣሳ አንድ እንዳልሆነ ያውቃል። ልዩነቱ ግን ስንት ነው? ራዲየሱ 7 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 14 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጣሳ እንውሰድ። ይዘቱ 2,156 ሜትር ኩብ ሳይሆን ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው፤ ይህን የሚያምታታ ተማሪ አይጠፋም። ከላዩ ያለው ክምር 3 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ሾጣጣ ቢሆን 154 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይጨምራል። ይህ የጣሳው አንድ አሥራ አራተኛ ነው። ጢም አድርጎ 14 ጣሳ የሰፈረ ሰው 15ኛውን በነጻ ሰጠ ማለት ነው። የሾጣጣ ይዘት ቀመር በ«ፈተና ይመጣል» ብቻ ሲታወስ ከኖረ፣ እዚህ ላይ ነፍስ ይዘራል።

ታዲያ ጉልት ላይ እናቱን እያገዘ የሚውል ልጅ ለምን ሰሌዳ ላይ ይሸነፋል? ጥያቄው የኛ ብቻ አይደለም። በብራዚሏ ሬሲፌ ከተማ መንገድ ላይ በሚሸጡ ከ9 እስከ 15 ዓመት ባሉ 5 ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት በ1985 እ.ኤ.አ. ታትሞ ነበር። ልጆቹ ሲሸጡ የሠሩት ሂሳብ 98 በመቶው ትክክል ነበር። ተመሳሳዩ ሂሳብ በቃላት ጥያቄ መልክ ሲቀርብላቸው 74 በመቶ ሆነ። ቁጥሩ ብቻውን ሲቀርብ ወደ 37 በመቶ ወረደ። ችሎታው አልጠፋም። ወረቀት ላይ የሠሩት በሌላ መንገድ ነበር።

የኛም ጉልት ልጆች አሠራር ያው ነው። 35 ብር የሆነ ዕቃ አራት ሲሸጥ ልጁ 35ን ከላይ 4ን ከታች አይጽፍም። «ሁለቱ 70፣ ሌላው ሁለት 70፣ 140» ይላል። ይህ ትክክለኛ የሂሳብ ሕግ ነው። መምህሩ ዝም ብሎ «በሥርዓቱ ሥራ!» ካለው ግን ልጁ የራሱን መንገድ እንደ ነውር ይቆጥረዋል። በእኔ እይታ ዋናው ክፍተት የመሣሪያ እጥረት አይደለም። በአፍ የተሠራውን ወደ ጽሑፍ የሚያሻግር ሰው ማጣት ነው። የልጁን አባባል ራሱን ሰሌዳ ላይ መጻፍ ይበቃል፦ 4 × 35 = 2 × 70 = 140። 9ኛ ክፍል ሲደርስ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ስለሚዞር፣ ይህ ድልድይ ቀደም ብሎ ካልተሠራ በኋላ ይከብዳል።

ገንዘብ ላይ አንድ የተለወጠ ነገር አለ። ድሮ አስርዮሽ በሳንቲም ነበር የሚገባን። 1 ብር ከ25 ማለት 1.25 ነበር፤ አለቀ። ዛሬ ሳንቲም ከእጅ ጠፍቷል። 25 ሳንቲም ጨብጦ ለማያውቅ ልጅ የመጽሐፉ ምሳሌ ተረት ነው። ምትኩ ኪሎና ግራም ነው፤ 1.25 ኪሎ፣ ኪሎ ከሩብ። ሌላው የደረሰኝ ቁራጭ ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው። ታክስን ጨምሮ 1,150 ብር የተከፈለበት ዕቃ ታክሱ ስንት ነው ብትሏቸው ብዙዎች የ1,150ን 15 በመቶ ወስደው 172.50 ይላሉ። መልሱ 150 ነው። 1,150 ማለት 115 በመቶ ነዋ! አዋቂውም ይሳሳታል፤ አብሽሩ።

ዕቁብ ዕድልን ለማስተማር የተፈጠረ ይመስላል። 12 ሰው በወር 500 ብር ቢጥል ዕጣ የወጣለት 6,000 ብር ያነሳል። በመጀመሪያው ወር ዕድሉ ከ12 አንድ ነው። ያኔ ካልወጣለት በሁለተኛው ከ11 አንድ። መጨረሻ የቀረው ያለ ዕጣ ያገኛል። ሁሉም እኩል ከፍሎ እኩል ያነሳል፤ የዕቃ ዋጋ በየወሩ በሚጨምርበት ዓመት ግን 6,000ው ለመጀመሪያውና ለመጨረሻው አንድ ነው? እዚህ ላይ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። መምህሩ መቸኮል የለበትም።

መንገዱም መማሪያ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። መንገዱ በሐረጎ በኩል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 650 ሜትር ለ25 ሲካፈል በኪሎ ሜትር 26 ሜትር መውረድ ነው፤ 2.6 በመቶ ተዳፋት። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀንስ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚጨምር፣ ልዩነቱ 4 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ደሴ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው ኮምቦልቻ መናኸሪያ ላይ የሚያወልቀው ለዚህ ነው።

ስልክም ይጠቅማል፤ ጂኦጀብራ የሚባለው ነጻ መተግበሪያ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ግራፍ ይሥላል። ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።

የወሎ ክፍል ውስጥ ግን ሌላ አገር በቀላሉ የማይገኝ ነገር አለ። የቤተ ክህነት ልጅና የመድረሳ ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው ባሕረ ሐሳብ የሚባለውን የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት ሰምቷል። 2018 ላይ ከልደት በፊት የሚቆጠረው 5,500 ዓመት ሲደመር 7,518 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል ድርሻው 1,879፣ ቀሪው 2 ነው፤ ዘመነ ማርቆስ። 7,518ና 1,879 ተደምረው ለ7 ሲካፈሉ ቀሪው 3 ይሆናል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ እየተባለ ሲቆጠር 3 ሐሙስ ነው። የ2018 መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ። በቀሪ ማካፈል ምን ይጠቅማል ለሚል ተማሪ ይህ ይበቃዋል። ሁለተኛው ልጅ ዘካን ያውቃል። ከገንዘብ ከ40 አንድ፣ ማለትም 2.5 በመቶ። በዝናብ ከበቀለ እህል ከ10 አንድ፣ ተደክሞ በመስኖ ከለማ ከ20 አንድ። ክፍልፋይን ወደ መቶኛ መቀየር ማለት ይኸው ነው።

ሁለቱ ልጆች የሚገናኙት 11 ላይ ነው። በባሕረ ሐሳብ አበቅቴ (የፀሐይና የጨረቃ ዓመት ልዩነት ተጠራቅሞ የሚሰጠው ቁጥር) የሚገኘው ወንበር የሚባለውን የዓመቱን ቁጥር በ11 አባዝቶ ለ30 በማካፈል ከሚቀረው ነው። ለ2018 ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132፤ ለ30 ሲካፈል 12 ይቀራል። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ይገባል። ሁለቱም 11ዎች አንድ ናቸው። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ነው፤ ልዩነቱ 11። 365ን ለ11 ያካፈለ ተማሪ 33 ዓመት ገደማ ያገኛል። ረመዳን ዞሮ ወደዚያው ወቅት የሚመለስበት ጊዜ ነው። ማታ ቤት ገብቶ አያቱን «የዛሬ 33 ዓመት ጾሙ በየትኛው ወር ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይችላል።