ስለ ስቴም ሴል የሚወራውና እውነታው

ጅማ ላይ ቡና ተፈልቶ የበሽታ ወሬ ከተነሳ፣ አንዱ ስልኩን አውጥቶ «ስቴም ሴል መጥቷል እኮ!» ማለቱ አይቀርም። ስቴም ሴል ራሱን እያባዛ ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስም መለወጥ የሚችል ሕዋስ ነው። የሚወራውን አንድ በአንድ እንየው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«በእንክብል ይሸጣል።» ውሸት ነው። ሕዋስ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ከዋጡት ጨጓራ ይፈጨዋል።

«ከውርጃ ነው የሚወሰደው።» ይህን ስጋት ከቤተ ክርስቲያንም ከመስጊድም ደጅ ሰምቼዋለሁ። በ1998 የሰው ስቴም ሴልን ከሽል ለመጀመሪያ ጊዜ የለየው አሜሪካዊው ተመራማሪ ጄምስ ቶምሰን የተጠቀመው ውርጃ ሳይሆን ለመካንነት ሕክምና በላብራቶሪ ተዘጋጅተው የተረፉ፣ የጥቂት ቀናት ዕድሜ ያላቸው ሽሎችን ነው። ያም ሆኖ ሽሉ ይጠፋል፤ የሃይማኖት ሰዎች ጥያቄ ተገቢ ነው። ነገሩን የለወጠው ጃፓናዊው ተመራማሪ ሺንያ ያማናካ ነው። በ2006 በአይጥ፣ በ2007 በሰው የቆዳ ሕዋስ ውስጥ አራት ጂኖች አስገብቶ ሕዋሱን ወደ ስቴም ሴልነት መለሰው። በ2012 ኖቤል ተሸለመ። ለዚህ ሽል አያስፈልግም።

«ጥቅሙ ለመወጋት ብቻ ነው።» እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ላብራቶሪው ነው። የፓርኪንሰን (ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥ የአንጎል በሽታ) ታማሚን አንጎል ከፍቶ በሽታው እንዴት እንደጀመረ ማየት አይቻልም። ከደሙ የተወሰደን ሕዋስ በያማናካ መንገድ ወደ ስቴም ሴልነት መልሶ ግን የራሱን ጂን የያዙ የነርቭ ሕዋሳትን በሳህን ላይ ማሳደግ፣ መድኃኒትም መሞከር ይቻላል። በዚሁ መንገድ የተሠራ የልብ ሕዋስማ እዚያው ሳህኑ ላይ ይመታል! መድኃኒቱ ምቱን ካዛባ ሰው ሳይነካ ይታወቃል። ጉድለትም አለው፤ እነዚህ ሕዋሳት እንደ ፅንስ ለጋ ስለሆኑ በእርጅና የሚመጣ በሽታን በደንብ አያሳዩም።

«ማንንም አላዳነም።» የመቅኒ ንቅለ ተከላ የስቴም ሴል ሕክምና ነው፤ ለደም ካንሰር ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። በ2023 ደግሞ እንግሊዝና አሜሪካ ለሲክል ሴል የደም በሽታ፣ የታማሚውን የራሱን ስቴም ሴል ወስዶ ጂኑን ከለወጡ በኋላ የሚመልስ ሕክምና ፈቀዱ። ዋጋው አሜሪካ ውስጥ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ ጉድ ነው! የስኳርና የፓርኪንሰኑ በአብዛኛው ገና ሙከራ ላይ ናቸው።

«የራሴ ሕዋስ አይጎዳኝም።» ይጎዳል። ፍሎሪዳ ውስጥ ሦስት ሴቶች ከራሳቸው ስብ የወጣ ሕዋስ በሁለቱም ዓይናቸው ተወግተው ዓይናቸው ክፉኛ ተጎዳ፤ ታሪኩ በ2017 በሕክምና መጽሔት ታትሟል። እያንዳንዳቸው 5,000 ዶላር ከፍለዋል። ምርምር ነው ብለው የገቡም ነበሩ። የምር ምርምር ግን አብዛኛውን ጊዜ ታማሚውን አያስከፍልም።