«ራም ጨምርልኝ» ለሚሉኝ ሁሉ

አራት ኪሎ፣ ከድል ሐውልቱ ዝቅ ብሎ ባለ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ላፕቶፕ እጠግናለሁ። በሩን ገፍቶ የሚገባ ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ ምን እንደሚለኝ አውቀዋለሁ፤ «ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈብኝ፣ ራም ጨምርልኝ።» ሐኪም ቤት ገብቶ «ራሴን ስለሚያመኝ ኩላሊቴን ቀይርልኝ» የሚል ሰው አላየሁም። እኔ ዘንድ ግን ሁሉም ምርመራውን ጨርሶ፣ መድኃኒቱን አዝዞ፣ ዋጋ ለመከራከር ብቻ ነው የሚመጣው። ይህን የምጽፈው ተበሳጭቼ ስለሆነ ቃሌ ቢሻክር አትቀየሙኝ።

ሲጀመር ስሙ ራሱ ተደበላልቋል። «የላፕቶፕህ ራም ስንት ነው?» ስል «500 ጂቢ» ብሎ የሚመልስልኝ አለ። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። «ሚሞሪ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የለመድነው በስልክ ነው፤ ፎቶና ዘፈን የሚቀመጥባት፣ ጥፍር የምታህል ካርድ ነበረች። ቃሉ ያንን ትርጉም እንደያዘ ወደ ላፕቶፕ ተሻገረ። 500 ጊጋባይቱ ማከማቻ ነው፤ ሃርድ ዲስክ ወይም ኤስኤስዲ። መብራት ቢጠፋም ባትሪ ቢያልቅም ያስቀመጣችሁት እዚያው ያድራል። ራም ደግሞ 4፣ 8 ወይም 16 ጊጋባይት የምትሆነው ናት፤ ማሽኑ በጠፋ ቁጥር የያዘችውን ሁሉ ትረሳለች።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ «ራም ሲጨመር ኮምፒውተር ይፈጥናል» ወደሚለው።

መዝገብ ቤት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ። ጉዳያችሁን የያዘው ሹም ጠረጴዛው ላይ ፋይል ዘርግቶ ይሠራል፤ ፋይሉን ከመደርደሪያ የሚያመጣው ግን ሌላ ሰው ነው። ራም ጠረጴዛው ነው፤ ዲስኩ ፋይል አምጪው። ፋይል አምጪው እግሩን እየጎተተ በቀን አሥር ፋይል የሚያመጣ ከሆነ ለሹሙ የአዳራሽ ስፋት ያለው ጠረጴዛ ብትገዙለት ጉዳያችሁ ለነገ መቀጠሩ አይቀርም። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ያለው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 90 ጊዜ የሚዞር ሳሕን ነው። የተፈለገው መረጃ ከማንበቢያው ጫፍ ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር መጠበቅ አለ፤ እሱ ብቻውን ከ5 ሚሊሰከንድ በላይ ይወስዳል። ጫፉ ራሱ ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄድበት ጊዜም ይጨመርበታል። ተደምሮ ሲታይ በየቦታው ከተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎች በሰከንድ መቶ ያህሉን እንኳ ማምጣት ይከብደዋል። ዊንዶውስ ደግሞ ሲነሳ የሚጠራው በሺህ የሚቆጠር ትንንሽ ፋይል ነው። ኤስኤስዲ የሚዞር ነገር የለውም፤ በሰከንድ አሥር ሺዎችን ያቀብላል። ልዩነቱ የእግረኛና የባቡር ነው ብል አላጋነንሁም።

ባለፈው ክረምት አንዲት ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው የሒሳብ ሠራተኛ ላፕቶፓቸውን በነጠላ ጠቅልለው፣ ከዝናብ አስጥለው አመጡልኝ። «ልጄ፣ ይህ ዕቃ አርጅቷል መሰለኝ። ጠዋት እከፍተውና ጀበናዬን እጥዳለሁ። አቦሉ ሲወርድ ነው የሚከፈተው» አሉ። ራም ይጨመርልኝ ብለው ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ሄደዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ተጨምሮላቸዋል። ማሽኑ 16 ጊጋባይት ራም ተሸክሟል። አብርቼ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን በአንድነት ተጫንሁና የማሽኑ ክፍሎች ምን ያህል ሥራ እንደበዛባቸው የሚያሳየውን የታስክ ማኔጀርን መስኮት አሳየኋቸው። ሚሞሪ 22 በመቶ፤ ከ16ቱ ጊጋባይት አሥራ ሁለቱ ያህል ያለ ሥራ ተቀምጧል። ዲስክ 100 በመቶ፤ ቁጥሩ በቀይ ተለቅልቆ ንቅንቅ አይልም። ከሥሩ ያለው ፍጥነት በሰከንድ 1.4 ሜጋባይት ይላል። እኒያ ሁለት ባለሙያዎች ይህን መስኮት ለመክፈት ሦስት ጣት አጥተው አይመስለኝም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፤ በሴትዮዋ ገንዘብ።

የድሮውን ዲስክ እንዳለ ወደ ኤስኤስዲ ገለበጥሁት፤ ዊንዶውስም ፋይሉም ሳይነካ። አራት ብሎን፣ አንድ ካቻቢቴ፣ የአንድ ከሰዓት ሥራ። በሳምንቱ ደውለው «ቡናዬን አስተውከኝ እኮ!» አሉኝ።

እንግዲህ ራም መጨመር ከንቱ ነው አልወጣኝም። 4 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ ዊንዶውስ 10 ጭኖ፣ ክሮም ላይ ሃያ ገጽ ከፍቶ፣ ከጎኑ ኤክሴል የሚሠራ ሰው ራም ያስፈልገዋል። እንዲያውም ራም ሲያንስ ዊንዶውስ የተረፈውን ዲስኩ ላይ እያራገፈ ስለሚሠራ ዲስኩም 100 በመቶ ይላል። ስለዚህ ሁለቱንም ቁጥር በአንድነት ተመልከቱ። ሚሞሪው ከ85 በመቶ በላይ ሆኖ ዲስኩም ከተጨናነቀ ራም ጨምሩ። ሚሞሪው ግማሽ ሳይደርስ ዲስኩ ከታነቀ ኤስኤስዲ ግዙ። ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ካላችሁና የሚዞር ዲስክ ላይ ከሆናችሁ፣ በኔ ልምድ ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ ኤስኤስዲው ይቀድማል።

«ራም ሁሉ ራም ነው፣ ይገባል።» አይገባም። ዲዲአር 3፣ ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 የሚባሉት የራም ትውልዶች መሐላቸው ላይ ያለው ጥርብ ቦታው የተለያየ ነው፤ የተለያየውም ሆን ተብሎ፣ አላፊ አግዳሚው እንዳይሰካው ነው። የእግሮቻቸው ቁጥር እንኳ በላፕቶፕ ላይ 204፣ 260 እና 262 ነው። ይህ ያልከለከለው አንድ የካምፓስ ተማሪ በአውራ ጣቱ ኃይል ለማስገባት ሞክሮ የስሎቱን፣ ማለትም የራም መሰኪያውን፣ ጥርስ ሰብሮ አመጣልኝ። የራሙ ዋጋ ትንሽ ነበር፤ ሁሉ ነገር የሚሰካበትን ዋና ሰሌዳ፣ የማዘርቦርዱን፣ ግን አልነግራችሁም። ዲዲአር 3 ራሱ ሁለት ዓይነት ነው፤ በ1.5 ቮልት የሚሠራና «ኤል» የተጨመረበት የ1.35 ቮልት። ቅርጻቸው አንድ ነው። ፒያሳ ሱቅ በነበረኝ ጊዜ፣ ሰፈሩ ሳይፈርስ፣ የ1.5ቱን ለ1.35 ማሽን ሰክቼ ጥቁር ስክሪን ላይ ሳፈጥ ከሰዓቴን ጨርሻለሁ። ዛሬ ጽሑፉን ሳላነብ ራም አልነካም።

«ሁለቱ ራሞች የግድ አንድ ፋብሪካ የሠራቸው መሆን አለባቸው» የሚለውም ስሕተት ነው። ፍጥነታቸው ከተለያየ ሁለቱም በዘገምተኛው ልክ ይሠራሉ፤ በቃ። 4 እና 8 አብረው ይኖራሉ። ከተቻለ ግን ከአንድ ባለ 16 ሁለት ባለ 8 ይሻላል፤ ማሽኑ በሁለት መስመር ስለሚያነብ የራሱ የቪዲዮ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ልዩነቱን ያሳያል።

ዊንዶውሳችሁ የድሮው፣ ባለ 32 ቢት የሚባለው ዓይነት ከሆነ 8 ጊጋባይት ራም ብትጨምሩም ከ4 በላይ አይጠቀምም።

ራም ከነካችሁ በኋላ መብራቱ በርቶ ስክሪኑ ከጠቆረ «ማዘርቦርዱ ተቃጠለ» ብላችሁ አታልቅሱ። ራሙን አውጡና የወርቅ ቀለም ያለውን ጠርዝ በልጆች ላጲስ ቀስ ብላችሁ አሹት፤ ብናኙን ጠርጋችሁ መልሳችሁ ስኩ። «ሞቷል» ተብለው ከመጡልኝ ማሽኖች ስንቱ በላጲስ እንደተነሣ ባወራ ደንበኛ አላገኝም። ይህን ሁሉ ስታደርጉ ቻርጀሩ የተነቀለ፣ ባትሪው የተፈታ፣ የማብሪያው ቁልፍ ለአሥር ሰከንድ ያህል ተጭኖ የተለቀቀ መሆን አለበት።

«ማንኛውም ላፕቶፕ ሊሻሻል ይችላል» የሚለው እምነት ገዢውን የሚጎዳው ገና ሲገዛ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚሸጥላችሁ ሰው «ራሙን በኋላ ታሳድጉታላችሁ» ካለ እጃችሁን ከኪሳችሁ አታውጡ። የማክቡክ ኤር ራም ከመጀመሪያው ጀምሮ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ቲንክፓድ ኤክስ1 ካርቦንም እንዲሁ። ቲንክፓድ ቲ480 ሁለት ስሎት አለው፤ ስሙ በአንዲት ፊደል ብቻ የሚለየው ቲ480ኤስ ግን አንዱ ራም የተበየደ፣ ክፍት ስሎቱ አንድ ብቻ ነው። ሻጩን አትመኑ፣ እኔንም አትመኑ፤ ያንኑ ታስክ ማኔጀር ከፍታችሁ የሚሞሪውን ገጽ እዩ፤ ስንት ስሎት እንዳለና ስንቱ እንደተያዘ ይጽፋል። በዚያው የፕሮሰሰሩን፣ የማሽኑን አንጎል፣ ትውልድ ተመልከቱ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በደንቡ የሚቀበለው ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። 6ኛ ትውልድ ማሽን ላይ 32 ጊጋባይት ራም መጫን ላረጀ በሬ የወርቅ ቀንበር መግዛት ነው።

«ኤስኤስዲ ቶሎ ይሞታል።» ይህን የሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ የአሥር ዓመት ሃርድ ዲስክ ታቅፈው ነው። ኤስኤስዲ የሚጻፍበት መጠን ገደብ አለው፤ እውነት ነው። ገደቡን ግን አስሉት። ሳምሰንግ ለ860 ኢቮ ባለ 500 ጊጋባይቱ ዋስትና የሰጠው እስከ 300 ቴራባይት ጽሕፈት ነው። በቀን 20 ጊጋባይት ብትጽፉበት፣ ይህም ለአንድ የቢሮ ሠራተኛ ብዙ ነው፣ 15,000 ቀን ይሆናል፤ 41 ዓመት። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ሃርድ ዲስክ ከመሞቱ በፊት ብዙ ጊዜ ይጮኻል፣ ይንተፋተፋል፤ ኤስኤስዲ ግን ማታ ደኅና አድሮ ጠዋት ላይገኝ ይችላል። ኤስኤስዲ ላይ ዲፍራግ፣ ማለትም የተበታተነ ፋይል መሰብሰብ፣ አታድርጉ፤ የሚያስፈልገውን ጽዳት ዊንዶውስ ራሱ ይሠራል።

በማስቲካ ልክ የተሠሩትን ቀጫጭኖቹን ኤስኤስዲዎች በተመለከተ፣ መልካቸው ስለተመሳሰለ አንድ አይደሉም። የሚለያዩት ከማሽኑ ጋር በሚነጋገሩበት መንገድ ነው። አንዱ ሳታ ነው፤ በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ገደማ። ሌላው ኤንቪኤምኢ ነው፤ መካከለኛው እንኳ 3,500 ይደርሳል። የናንተ ስሎት ሳታ ብቻ የሚቀበል ከሆነ ውዱን ገዝታችሁ ማሽኑ አያየውም። ከሃርድ ዲስክ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ሁለቱም ተአምር ናቸው፤ ፊልም የሚያቀናብር ካልሆነ በቀር ለልዩነቱ ብዙ ገንዘብ አይክፈል።

«1 ቴራ ገዝቼ 931 ሆነ፣ ተሰረቅሁ።» አልተሰረቃችሁም። ፋብሪካው በሺህ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1,024።

የተሰረቀው 16 ቴራባይት ውጫዊ ኤስኤስዲ በርካሽ የገዛው ነው። አንዱን ጠረጴዛዬ ላይ ፈትቼ ከውስጡ ሙጫ የተደፋበት የስልክ ሚሞሪ ካርድ አውጥቻለሁ። ዕቃው መጠኑን በሐሰት እንዲናገር ተደርጎ የተሠራ ነው፤ እውነተኛው ቦታ ሲሞላ አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፋል። የሠርግ ቪዲዮ ስሙ እያለ ራሱ የጠፋባቸው ሙሽሮች አውቃለሁ።

«በየስድስት ወሩ ፎርማት ይደረግ።» ለምን? በዓል ነው? ፎርማት የሚዞረውን ዲስክ በሰከንድ 91 ጊዜ እንዲዞር አያደርገውም።

ዲስክ ለማስቀየር ስትመጡ ሁለት ነገር ይዛችሁ ኑ። አንደኛው የቢትሎከር፣ የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ ቁልፍ ነው፤ ብዙ የዊንዶውስ 11 ማሽኖች ባለቤቱ ሳያውቅ ዲስኩን ይቆልፉታል፣ ያለ 48 አኃዙ ቁልፍም እኔ የማደርገው ነገር የለም። ሁለተኛው ቅጂ ነው፤ ሥራችሁ ሌላ ዕቃ ላይ፣ በፍላሽም ይሁን በውጫዊ ዲስክ፣ ተገልብጦ ይምጣ። ሌላ ዕቃ ስል ሌላ ዕቃ ማለቴ ነው። ሲ እና ዲ ተብለው የሚታዩት ሁለት ሣጥኖች በአብዛኛው ላፕቶፕ ላይ አንዱ ዲስክ በመስመር ተከፍሎ ነው፤ አንድ ቤት በመጋረጃ እንደመክፈል። ጣሪያው ሲወድቅ መጋረጃው አያድንም።

ትናንት ጠዋት አንድ የማስተርስ ተማሪ መጣ፤ መመረቂያ ጽሑፉን በሚቀጥለው ሳምንት ያስረክባል። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ጋሼ፣ ተንቀራፈፈብኝ፣ ራም ጨምርልኝ» አለ። ጆሮዬን ወደ ማሽኑ አስጠጋሁ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ዝም፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ዝም።

«የጽሑፍህ ቅጂ አለህ?»

«አለኝ እንጂ ጋሼ» አለ፣ ፊቱ በርቶ። «ዲ ላይ አስቀምጬዋለሁ።»