ለልጆቻችን «ቻለው» ብቻ አንበላቸው

ስለ ትዕግሥት የምናስተምረው ነገር አንዳንድ ልጆቻችንን እየጎዳ ነው። ክፍል ውስጥ የሚሰደብ፣ የሚገፋ፣ ሙድ የሚያዝበት ልጅ ቤት መጥቶ ትንሽ ሲናገር «ቻለው፣ ክርስቲያን አይደለህ?» እንለዋለን። ልጁም ዝም ይላል። ዝምታውን ጽድቅ አድርጎ ይቆጥረዋል። እኛም ነገሩ ያለቀ ይመስለናል።

7ኛ እና 8ኛ ክፍል ከባድ ዕድሜ ነው። ቁመት ያልጨመረው ይሾፍበታል፣ ቶሎ የረዘመችውም ይሾፍባታል። አንገት ላይ ያለው ማተብ፣ ረቡዕና ዓርብ ምሳ ዕቃ ውስጥ ያለው ሽሮ፣ ያረጀ ጫማ፣ ሁሉም መፎገሪያ ይሆናል። ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ደግሞ በቴሌግራም ግሩፕ ይቀጥላል።

መሀል አዲስ አበባ ላለን ሌላም ነገር አለ። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ከፒያሳና ከካዛንቺስ ብዙ ቤተሰብ ተነሥቷል። ከልጅነቱ ጀምሮ ከልጃችን ጋር ትምህርት ቤት ይሄድ የነበረው ጓደኛው ዛሬ ከተማው ዳር ነው። ብቻውን የቀረን ልጅ መተናኮል ይቀላል። እሱም ጓደኛ ለማግኘት ሲል የማይፈልገውን ነገር እሺ ይላል። ይህን ወላጆች ብዙ ጊዜ ልብ አንለውም።

ጌታችን በሊቀ ካህናቱ ፊት ቆሞ ሳለ አንዱ ሎሌ በጥፊ መታው። ጌታ መልሶ አልመታም። ግን ዝምም አላለም። ክፉ ተናግሬ ከሆነ መስክርብኝ፣ መልካም ከተናገርሁ ግን ለምን ትመታኛለህ ብሎ ጠየቀው (ዮሐ. 18፥22-23)። ቀኝ ጉንጭህን ለሚመታህ ሌላውን አዙርለት ብሎ ያስተማረንም እርሱ ራሱ ነው። በቀልን ትቶ ጥፋቱን ግን በግልጽ ተናገረ። ስለዚህ ልጆቻችንን «አትምቱ» እንበላቸው። «አትናገሩ» ግን አንበላቸው።

ልጆች ከመናገር የሚያግዳቸው አንዱ ነገር «ሰባቂ» መባል ነው። ለእነሱ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 23ን ማንበብ ደስ ይለኛል። ከአርባ የሚበልጡ ሰዎች ቅዱስ ጳውሎስን እስኪገድሉ ድረስ እህል ውኃ ላይቀምሱ ተማምለው ነበር። ይህን ሤራ የሰማው የጳውሎስ የእኅቱ ልጅ ነው። መጽሐፍ ስሙን እንኳ አይነግረንም፤ ብላቴና ነው የሚለው። ብላቴናው ሄዶ ለአጎቱ ነገረው። ጳውሎስም «እግዚአብሔር ያውቃል፣ ዝም በል» አላለውም። እሱን በእስር ይዞት ወደነበረው የሮማ ሻለቃ ልጁን እንዲወስዱት አደረገ።

ሻለቃው ያደረገውን ደግሞ እኛ ትልልቆቹ ደጋግመን ብናነብበው ጥሩ ነው። የልጁን እጅ ያዘ። ለብቻው ፈቀቅ አደረገው። ምን ልትነግረኝ ነው ብሎ ጠየቀው። እስኪጨርስ ሰማው። ከዚያም ለእኔ መናገርህን ለማንም እንዳትገልጥ ብሎ አስጠነቀቀው። በዚያው ሌሊት 200 ወታደሮች፣ 70 ፈረሰኞችና 200 ጦር የያዙ ሰዎች ጳውሎስን ይዘው ወጡ። አንድ ልጅ ስለተናገረ ነው ይህ ሁሉ የሆነው።

ስንቱ መምህር ግን የተጎዳውን ልጅ ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት አስነሥቶ «ማነው የመታህ?» ይለዋል! ልጁ እዚያ ስም ከጠራ ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ ይጠብቁታል። ለብቻው ይጠየቅ። የተናገረውም በምስጢር ይያዝ። ወላጅም ለክፍል ኃላፊው ወይም ለዩኒት ሊደሩ ሲያመለክት መቼ፣ የትና ማን ምን እንዳደረገ ጽፎ ቢሄድ ይሻላል። በግሩፑ የተላከው መልእክትም ሳይጠፋ ይቀመጥ። ቶሎ ካልተፈታ ዳይሬክተሩ ጋ መግባት አያሳፍርም።

ስለ ጓደኛ ግፊት ምሳሌ 1፥10 አጭር ቃል አለው፤ «ልጄ ሆይ፥ ኃጢአተኞች ቢያባብሉህ እሺ አትበል።» ለ13 ዓመት ልጅ ግን «እሺ አትበል» ማለት ብቻውን አይበቃም። እንዴት እንቢ እንደሚል ማሳየት አለብን። ዳንኤል የንጉሡን ማዕድ ላለመብላት በልቡ ወሰነ። ከዚያ ጠባቂውን በትሕትና ለመነው፤ አሥር ቀን ጥራጥሬ እየበላን ሞክረን አለው። አልጮኸም፣ ማንንም አልናቀም። ሌላም ነገር እናስተውል፤ ሦስት ጓደኞች አብረውት ነበሩ። ጫት ወይም ሺሻ ቅመስ ሲሉት እንቢ የሚል ልጅ አብሮት እንቢ የሚል ቢያንስ አንድ ጓደኛ ያስፈልገዋል። ሰንበት ትምህርት ቤት ስንልከው ከመዝሙሩ እኩል ይህንንም እንፈልግለት።

አንድ ቡድን ግን ሁሌም ይረሳል። የማይመቱ፣ የማይሳደቡ፣ ቆመው የሚስቁ ልጆች አሉ። ስልክ አውጥተው የሚቀርጹም አሉ። መስቀል አደባባይ አጠገብ ባለው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ጥቅምት 17 እና ጥር 1 በዓሉን የምናከብርለት ሊቀ ዲያቆናት ሲወገር፣ ሳውል (በኋላ ጳውሎስ የተባለው) ድንጋይ እንደወረወረ አልተጻፈም። የወጋሪዎቹን ልብስ ነበር የሚጠብቀው። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን በራሱ አንደበት ይህንኑ እንደ በደል ተናዘዘው (ሐዋ. 22፥20)። ሌላው ሲደበደብ የሚቀርጽ ልጅም ልብስ ጠባቂ ነው። ብዙዎቹ ነገ ተራው የእኔ ይሆናል ብለው ፈርተው ነው የሚስቁት። ይህን ስለምናውቅ በቁጣ ሳይሆን በፍቅር እናስተምራቸው። የተገለለው ልጅ አጠገብ ሄዶ መቀመጥ እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላውን የተተናኮለው ልጅ የእኛው ልጅ ሲሆንስ? «የእኔ ልጅ እንዲህ አያደርግም» ለማለት አንቸኩል። ካህኑ ዔሊ የተወቀሰው የልጆቹን ክፋት እያወቀ ስላልከለከላቸው ነው (1 ሳሙ. 3፥13)። ልጁን ቁጭ አድርገን እንስማው፤ እሱንም ሌላ ቦታ የሚያስፈራራው ሰው ሊኖር ይችላል። ከዚያ ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድ። ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሏልና (ማቴ. 5፥23-24)፣ ከመቁረቡ በፊት ያንን ልጅ ይቅርታ ይጠይቅ። የተጎዳው ልጅ ከፈቀደ ወላጆቹ ባሉበት እናገናኛቸው፤ ካልፈቀደ አናስገድደው። በግሩፑ ያዋረደው ከሆነ ቪዲዮውን ከራሱ ስልክ ያጥፋ፣ ላከፋፈላቸውም እንዲያጠፉት በዚያው ግሩፕ ይጻፍላቸው።